በቀጭን አካል ላይ የሚያልፍ ፈጣንና ዝልግልግ የአየር ፍሰትን በሒሳብ መቅረጽ፦ ከመነሻ ስሌት እስከ ማረጋገጫ

ከድምፅ በብዙ እጥፍ የሚፈጥን አየር በሾለና በረዘመ አካል ላይ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ሰበቃና ሙቀት ለማስላት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ነው፤ ፍርግርጉን ይሠራል፣ ፕሮግራሙን ያስነሳል፣ የወጣውን ባለቀለም ሥዕል አይቶም ደስ ይለዋል። በዚህ መመሪያ የምንከተለው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። የዝልግልግ ፈሳሽና ጋዝ እንቅስቃሴን ከሚገልጸው ሙሉው የናቪየር-ስቶክስ እኩልታ ላይ የምንጥለው እያንዳንዱ ክፍል፣ መጣሉ ተገቢ ስለ መሆኑ የሚመሰክርለት ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ያም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በወረቀትና በእርሳስ የሚገኝ ነው።

ሥራው ተጨባጭ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሄዳለን። አካሉ ጫፉ የሾለ ኮን ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ በመሐል መስመሩና በገጹ መካከል ያለው ግማሽ አንግል 7 ዲግሪ፣ የሚበርበት ከፍታ 30 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ ደግሞ ማክ 6፣ ማለትም የድምፅ ፍጥነት ስድስት እጥፍ ነው።

ደረጃ 1፦ አሃድ አልባ ቁጥሮችን ማስላት

በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት 226.5 ኬልቪን፣ ግፊቱ 1197 ፓስካል፣ እፍግታው በሜትር ኪዩብ 0.0184 ኪሎ ግራም፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 301.7 ሜትር ነው። ስለዚህ ማክ 6 ማለት በሰከንድ 1810 ሜትር ያህል ነው። የአየሩ ዝልግልግነት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ቋሚ ቁጥር አድርጎ መውሰድ አይቻልም፤ ሰዘርላንድ በ1893 ያቀረበው ቀመር ለዚህ ሥራ በቂ ነው፦

ዝልግልግነት = 0.000001458 × (የሙቀት መጠን በ1.5 ኤክስፖነንት) ÷ (የሙቀት መጠን + 110.4)

የሙቀት መጠኑ በኬልቪን ሲገባ ውጤቱ በፓስካል ሰከንድ ይወጣል። ለ226.5 ኬልቪን 0.00001475 እናገኛለን። የሬይኖልድስ ቁጥር እፍግታውን በፍጥነቱና በርዝመቱ አባዝቶ ለዝልግልግነቱ በማካፈል ስለሚገኝ፣ ለ1 ሜትር ርዝመት 2.26 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ይህ ትልቅ ቁጥር ዝልግልግነት የሚገዛው ገጹን ተጠግቶ ባለው ስስ የወሰን ንብርብር ውስጥ መሆኑን ይነግረናል፤ ፕራንትል በ1904 በሃይድልበርግ ለተሰበሰቡት የሒሳብ ሊቃውንት ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነበር።

ቀጥሎ የሚሰላው የክኑድሰን ቁጥር ነው። የጋዝ ሞለኪውሎች ሳይጋጩ የሚጓዙት አማካይ ርቀት ለአካሉ ርዝመት ተካፍሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ለአየር የማክ ቁጥርን በ1.49 አባዝቶ ለሬይኖልድስ ቁጥር በማካፈል ይገመታል። ለእኛ ኮን 0.000004 ያህል ነው፤ ከ0.01 እጅግ ስለሚያንስ አየሩን እንደ ተከታታይ ፈሳሽ መቁጠር፣ በገጹም ላይ ፍጥነቱን ዜሮ ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው ቁጥር ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት ነው። በከፍተኛ የማክ ቁጥር የወሰን ንብርብሩ ስለሚሞቅ ያብጣል፤ ያበጠው ንብርብር የውጪውን ፍሰት ወደ ውጭ ይገፋል፣ የተገፋው ፍሰትም ግፊት ይጨምራል፣ የጨመረው ግፊት ደግሞ ተመልሶ ንብርብሩን ይጫናል። የዚህ መስተጋብር መለኪያ፦

የመስተጋብር ቁጥር = የማክ ቁጥር ኪዩብ ÷ የሬይኖልድስ ቁጥር ስኩዌር ሩት

ነው። በትክክለኛው አጻጻፍ በገጹና በውጪው ፍሰት መካከል ያለውን የእፍግታና የዝልግልግነት ብዜት ውድር የሚይዝ አንድ አባዢ ይጨመርበታል፤ ለግምት ግን 1 አድርጎ መውሰድ ይበቃል። ለእኛ ኮን በ1 ሜትር ላይ 216 ሲካፈል ለ1503፣ ማለትም 0.14 ነው። ሙቀት በማያሳልፍ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ደካማ መስተጋብር ሲኖር የግፊቱ ውድር 1 ሲደመር 0.31 ጊዜ ይህ ቁጥር፣ ሲደመር 0.05 ጊዜ የቁጥሩ ስኩዌር ስለሆነ፣ ጭማሪው 4.6 በመቶ ብቻ ነው። ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ያው ቁጥር 1.44 ይደርሳል፤ የግፊቱ ጭማሪም ከግማሽ በላይ ይሆናል። ኮን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስላልሆነ አሃዙን ቃል በቃል መውሰድ አይገባም፤ ይሁን እንጂ ከጫፉ አጠገብና ከጅራቱ አጠገብ ያለው ፍሰት አንድ ዓይነት አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ያው ኮን በዚያው የማክ ቁጥር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል የሬይኖልድስ ቁጥሩ ወደ 37 ሺህ ይወርዳል፤ የመስተጋብር ቁጥሩ በጅራቱ ላይ 1.1፣ ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ 11 ይሆናል። በዚያ ቦታ የክኑድሰን ቁጥርም 0.02 ስለሚያልፍ፣ አየሩ በገጹ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማል የሚለው ግምት መሸርሸር ይጀምራል። ስለዚህ ለአንድ ከፍታ የተሠራን ሞዴል ያለ አዲስ ስሌት ወደ ሌላ ከፍታ ማዛወር ተገቢ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የጋዙን ባሕርይ መወሰን

አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢቆም የሚደርስበት ሙቀት የውጪው ሙቀት በ1 ሲደመር 0.2 ጊዜ የማክ ቁጥር ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል፤ ለእኛ 226.5 ጊዜ 8.2፣ ማለትም 1857 ኬልቪን ነው። ኦክስጅን በተለመደው ግፊት በጉልህ መበታተን የሚጀምረው በ2500 ኬልቪን አካባቢ በመሆኑ የኬሚካል ለውጥን መተው እንችላለን። ከ800 ኬልቪን በላይ ግን የሞለኪውሎቹ ንዝረት ሙቀት መያዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ገጹ ሙቅ ከሆነ ጋማ (በቋሚ ግፊትና በቋሚ ይዘት ያሉት የጋዙ የሙቀት አቅሞች ውድር) 1.4 ነው የሚለው ግምት በመጠኑ ይሳሳታል። ገጹ ቀዝቃዛ ሲሆን በንብርብሩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ሙቀት ከጠቅላላው ሙቀት በጣም ስለሚያንስ ስሕተቱም ይቀንሳል።

የገጹ ሁኔታ እዚሁ ላይ ይወሰናል። ሙቀት የማያሳልፍ ገጽ በላሚናር (ሳይታወክ ንብርብር በንብርብር በሚሄድ) ፍሰት ውስጥ ወደ 1600 ኬልቪን ይደርሳል፤ ይህም የፕራንትል ቁጥርን (የዝልግልግነትና የሙቀት ማስተላለፍ ውድርን) 0.72፣ የመልሶ ማግኛ ጥምርታውን (አየሩ ሲቆም ከሚጨምረው ሙቀት ገጹ የሚያገኘውን ድርሻ) የዚህ ስኩዌር ሩት የሆነውን 0.85 ወስዶ የተገኘ ነው። በአጭር ጊዜ የንፋስ ዋሻ ሙከራ ገጹ በ300 ኬልቪን አካባቢ ይቆያል፤ በረጅም በረራ ደግሞ ወደ ገጹ የሚገባው ሙቀት በጨረር ከሚወጣው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ገጹ ይሞቃል። ከሦስቱ የትኛው እንደተወሰደ ሳይገልጽ የሙቀት ፍሰት ውጤት ማቅረብ ትርጉም የለውም።

ደረጃ 3፦ ዝልግልግነት የሌለበትን ፍሰት አስቀድሞ መገመት

የቀጭን አካል ጥንታዊ ንድፈ ሐሳብ መነሻው ሙንክ በ1924 ስለ አየር መርከቦች የሠራው ነው፤ በውስጡ በእያንዳንዱ መስቀለኛ ቁራጭ ላይ ያለው ፍሰት ለብቻው በሁለት ስፋት ይታያል። ጽንሰ ሐሳቡ ውብ ነው፤ አካሉ ከአየሩ አቅጣጫ በትንሹ ሲዘነብል የጎን ኃይል ጥምርታው ተዳፋት (ከዘንበልታው አንግል ጋር የሚጨምርበት መጠን) በአካሉ መሠረት ስፋት ሲለካ በራዲያን 2 ነው ይላል፣ የማክ ቁጥርም አይጠይቅም። ነገር ግን ግፊቱን ለማስላት ፍሰቱ በትንሹ ብቻ መረበሽ አለበት። ቺየን ሹዌሰን በ1946 ያወጣው የሃይፐርሶኒክ መመሳሰል ሕግ መመዘኛውን ይሰጠናል፤ የማክ ቁጥር በገጹ አንግል በራዲያን ሲባዛ ከ1 እጅግ ማነስ አለበት። ለእኛ 6 ጊዜ 0.122፣ ማለትም 0.73 ነው። እጅግ ያነሰ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጥተኛው (ሊኒየር) ንድፈ ሐሳብ ለግፊት አይበቃም።

በምትኩ ቴይለርና ማኮል በ1933 የፈቱት የኮን ፍሰት ትክክለኛ መልስ አለ። ለቀጫጭን ኮኖች በሚሠራው የተጠጋጋ ቅርጹ ስናሰላ የሾክ ሞገዱ (ግፊቱ በድንገት የሚዘልበት ስስ ንጣፍ) አንግል 12.3 ዲግሪ፣ የገጹ ግፊት ከውጪው ግፊት 2.0 እጥፍ ይወጣል። የግፊት ጥምርታውን የአንግሉ ሳይን ስኩዌር ሁለት እጥፍ የሚያደርገው የኒውተን ቀላል ቀመር ግን 1.75 እጥፍ ብቻ ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በማስታወሻ ላይ ይያዟቸው፤ በመጨረሻ ይፈለጋሉ።

ደረጃ 4፦ የሚፈቱትን እኩልታዎች መምረጥ

ምርጫዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የውጪውን ፍሰት ያለ ዝልግልግነት ከፈቱ በኋላ በገጹ ላይ የወሰን ንብርብር እኩልታን መፍታት ነው። ርካሽ ነው፤ የመስተጋብር ቁጥሩ ከ1 በጣም ሲያንስና አካሉ ሳይዘነብል ሲቀር ጥሩ ይሠራል። ሁለተኛው ሙሉውን ናቪየር-ስቶክስ ከጊዜ ጋር እያራመዱ እስኪረጋ ድረስ መፍታት ነው፤ ሁሉንም ይይዛል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሦስተኛው በመካከላቸው ያለውና ለቀጭን አካላት በልክ የተሰፋው፣ ፓራቦሊክ የተደረገው ናቪየር-ስቶክስ ነው።

የዚህ ሦስተኛው አመሠራረት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከጊዜ ጋር የሚለወጡት ክፍሎች ይጣላሉ። ከዚያም በአካሉ ርዝመት አቅጣጫ የተወሰዱት የዝልግልግነትና የሙቀት ማስተላለፍ ዴሪቬቲቮች (የለውጥ መጠኖች) ይጣላሉ። ምስክሩ ቁጥር የንብርብሩ ውፍረት ለርዝመቱ ያለው ውድር ነው፤ በእኛ ኮን ውፍረቱ በጅራቱ ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ ውድሩ ከ0.01 በታች ነው። የተጣሉት ክፍሎች ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ የዚህ ውድር ስኩዌር ያህል፣ ማለትም ከአሥር ሺህ አንድ በታች ናቸው። ከገጹ ወደ ውጭ የሚወሰዱት ግን ይቀራሉ፤ በአካሉ ዙሪያ የሚወሰዱትም እንዲሁ ይቀራሉ፤ አካሉ ሲዘነብል ከጀርባው የሚፈጠሩትን ሽክርክሪቶች የሚይዙት እነርሱ ናቸውና።

ትርፉ ትልቅ ነው። የቀረው እኩልታ ከጫፍ ወደ ጅራት ቁራጭ በቁራጭ ስለሚራመድ በማንኛውም ጊዜ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የሚያዙት ጥቂት መስቀለኛ ቁራጮች ብቻ ናቸው፤ የሾክ ሞገዱና የወሰን ንብርብሩም በአንድ እኩልታ ስለሚፈቱ መስተጋብራቸው ሳይነገረው ራሱ ይወጣል። ሁለት ግዴታዎች ግን አሉበት፦ ከወሰን ንብርብሩ ውጭ ያለው ፍሰት በርዝመቱ አቅጣጫ ከድምፅ የፈጠነ መሆን አለበት፤ በርዝመቱ አቅጣጫ ያለው ፍጥነትም የትም ቦታ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። በዙሪያው አቅጣጫ የሚፈጠር መለያየት ይፈቀዳል፤ በርዝመቱ የሚፈጠር ግን አይፈቀድም። አካሉ ላይ ወደ ውጭ የሚገለጥ ቀሚስ ወይም መቆጣጠሪያ ክንፍ ካለ፣ በዚያ ማጠፊያ ላይ ይህ ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይገባል።

ደረጃ 5፦ በንብርብሩ ሥር ያለውን ግፊት ማረም

ይህ ደረጃ የብዙዎችን ጊዜ የበላ ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንይዘዋለን። ገጹን ተጠግቶ ሁልጊዜ ከድምፅ ያነሰ ፍጥነት ያለው ስስ ንጣፍ አለ፤ በገጹ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነውና። በዚያ ንጣፍ ውስጥ የግፊት ወሬ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይጓዛል። እኛ ደግሞ ወደ ፊት ብቻ እንራመዳለን። በርዝመቱ አቅጣጫ ያለው የግፊት ዴሪቬቲቭ ሳይነካ ከተተወ ችግሩ በሒሳብ ደረጃ በሚገባ የተመሠረተ አይሆንም፤ ከእውነተኛው መልስ ጎን በኤክስፖነንሻል ፍጥነት የሚያድግ ሌላ መልስ ይፈለፈላል።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ ይህን አላወቅሁም ነበር። የገጹ ግፊት በድንገት ወደ ላይ ሲተኮስ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት አለ ብዬ ሳምንታት አጠፋሁ፤ እንደ ተለመደው የእርምጃውን ርዝመት በግማሽ ስቀንስ ደግሞ ይባስ ብሎ ቶሎ ፈነዳ። ምልክቱ እዚያ ላይ ነበር። እርምጃ ሲቀንስ የሚሻለው የአሃዛዊ ዘዴ ስሕተት ነው፤ እርምጃ ሲቀንስ የሚብሰው ግን የእኩልታው ሕመም ነው። ረጅም እርምጃ የሚያድገውን መልስ ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም።

መድኃኒቱን ቪኘሮን፣ ራኪክና ታነሂል በ1978 አቅርበዋል። የግፊቱ ዴሪቬቲቭ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ድርሻ በስሌቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ይጣላል ወይም ካለፈው ቁራጭ ይገመታል። የሚቀረው ድርሻ፦

ድርሻ = የጥንቃቄ አባዢ × ጋማ × የማክ ቁጥር ስኩዌር ÷ (1 + (ጋማ − 1) × የማክ ቁጥር ስኩዌር)

ሲሆን፣ ውጤቱ ከ1 ሲበልጥ 1 ተደርጎ ይወሰዳል። የማክ ቁጥሩ እዚህ ላይ የሚሰላው በርዝመቱ አቅጣጫ ባለው የፍጥነት ክፍል ብቻ ነው። ለምሳሌ አባዢው 1 ሲሆን በማክ 1 ላይ ድርሻው በትክክል 1 ነው፤ በማክ 0.5 ላይ 0.32 ይሆናል፤ በገጹ ላይ ዜሮ ነው። የጥንቃቄ አባዢውን ከ1 ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ለምሳሌ 0.8 አካባቢ፣ ቀጥተኛ ላልሆነው ባሕርይ ቦታ ይተዋል። የተጣለው ክፍል ትንሽ የሚሆነው በርዝመቱ ያለው የግፊት ለውጥ ትንሽ ሲሆን ነው፤ ኮን ላይ ትንሽ ነው፣ ድንገተኛ ማጠፊያ ላይ ግን አይደለም።

ደረጃ 6፦ ፍርግርግ፣ መነሻ ቁራጭና ወሰኖች

የውጪው ወሰን በሾክ ሞገዱ ላይ ራሱ ቢደረግና የሾኩ ሕግጋት በላዩ ላይ ቢጫኑ ለቀላል ቅርጽ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይባክናሉ። ነጥቦቹ ወደ ገጹ ሲጠጉ መጠጋጋት አለባቸው፤ ለእኛ ኮን በ300 ኬልቪን ገጽና በተርቡለንት (በሚታወክ) ፍሰት የመጀመሪያው ነጥብ ከገጹ ከ10 ማይክሮ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል። በንብርብሩ ውስጥ ከ30 የማያንሱ ነጥቦች እንዲኖሩ እመክራለሁ፤ የግፊቱ ሥዕል በ15 ነጥብ ሊያምር ይችላል፣ የሙቀት ፍሰቱ ግን አያምርም።

መራመድ ለመጀመር የመጀመሪያ ቁራጭ ያስፈልጋል። ለሹል ኮን ፍሰቱ በአካባቢው ኮናዊ ነው ተብሎ ይታሰባል፦ አንድ እርምጃ ይራመዱና መልሱን በልኬት አሳንሰው ወደ መነሻው ይመልሱታል፤ መልሱ መለወጥ እስኪያቆም ድረስ ይደጋግማሉ። ዝልግልግ ፍሰት ከጫፉ እየራቀ ሲሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ስለሚያድግ ይህ በጥብቅ እውነት አይደለም። ስለዚህ አንዴ ከ2፣ አንዴ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ራምዶ ጅራቱ ላይ ያሉትን ውጤቶች ማነጻጸር ያስፈልጋል።

እውነተኛ ጫፍ ደግሞ ፍጹም ሹል ሊሆን አይችልም፤ በጫፉ ላይ የሚገባው ሙቀት የጫፉ ራዲየስ ስኩዌር ሩት በቀነሰ መጠን ስለሚጨምር ሹል ጫፍ ይቀልጣል። ከደነዘዘ ጫፍ ፊት ያለው ፍሰት ከድምፅ ያነሰ ስለሆነ በዚያ ክፍል ላይ ሙሉውን እኩልታ በጊዜ እያራመዱ መፍታት፣ ፍሰቱ ከድምፅ ከፈጠነበት ቁራጭ ላይ ደግሞ ተቀብሎ መራመድ ግድ ነው። የደነዘዘው ጫፍ ከፍተኛ ኤንትሮፒ ያለው ንብርብር ወደ ኋላ ይልካል፤ በወሰን ንብርብሩ ጠርዝ ላይ ያለው የማክ ቁጥርም በዚህ ምክንያት ከሹሉ ኮን እጅግ ሊያንስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዘንበልታና ተርቡለንስ

አካሉ ሲዘነብል አየሩ ከነፋስ ትይዩው ጎን ወደ ጀርባው ይዞራል። የዘንበልታው አንግል ወደ ኮኑ ግማሽ አንግል ሲጠጋ በጀርባው በኩል በዙሪያ አቅጣጫ መለያየት ይጀምራል፣ ጥንድ ሽክርክሪቶችም ይነሳሉ። ሽክርክሪቶቹ ግራና ቀኝ እስከተመጣጠኑ ድረስ የአካሉን ግማሽ ብቻ ማስላት ይበቃል። ከግማሽ አንግሉ ሁለት እጥፍ ሲያልፍ ግን ሽክርክሪቶቹ ያለ ምንም የቅርጽ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ሊያጋድሉ ይችላሉ፤ ያኔ የተመጣጣኝነት ግምቱ መልሱን አስቀድሞ ይወስናልና መተው አለበት።

ለተርቡለንስ ከቀላሎቹ ሞዴሎች አንዱ የባልድዊንና የሎማክስ የ1978 ሞዴል ነው። ሞዴሉ የርዝመት መለኪያውን የሚያገኘው ከገጹ ርቀት ጋር የሚለዋወጥ የአንድ ፈንክሽን ከፍተኛ ነጥብ በመፈለግ ነው፤ ከጀርባ በኩል ያለው ሽክርክሪት ሁለተኛ ከፍተኛ ነጥብ ስለሚፈጥር ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ይመርጣል፣ ሽክርክሪቱም በተጋነነ ዝልግልግነት ይታፈናል። የዴጋኒና የሺፍ እርማት ፍለጋውን ለገጹ በቀረበው የመጀመሪያ ነጥብ ላይ ያቆመዋል። ፍሰቱ ከላሚናር ወደ ተርቡለንት የት ላይ እንደሚለወጥ ግን ሞዴሉ ራሱ አይነግርም። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ላሚናር፣ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተርቡለንት አድርጎ ማስላት ክልሉን ያሳያል፤ በመለወጫው መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ከተርቡለንቱም ጥቂት ሊያልፍ እንደሚችል ግን መታወስ አለበት።

ደረጃ 8፦ ማረጋገጥ

ያለ ዘንበልታ የተሰላው የገጹ ግፊት ከጫፉ ርቆ ወደ 2.0 እጥፍ መጠጋት አለበት፤ በ1.75 አካባቢ ከቆመ የሾኩ ወሰን በትክክል አልተጫነም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለተኛው ፈተና የኮንን የወሰን ንብርብር ወደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከሚቀይረው ከማንግለር ለውጥ የሚገኝ ነው፦ በጠርዙ ላይ አንድ ዓይነት ሁኔታ ካለ በላሚናር ፍሰት የኮኑ የሙቀት ፍሰት በእኩል ርቀት ካለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ የ3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.73 እጥፍ መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ በ1 ዲግሪ ዘንበልታ የተገኘው የጎን ኃይል ተዳፋት በራዲያን 2 አካባቢ መውጣት አለበት፤ የኒውተን ቀመር ለዚህ ኮን 1.97 ይሰጣል።

ከዚያ የፍርግርግ ፈተና ይከተላል። ነጥቦቹን ሁለት ጊዜ በእጥፍ እየጨመሩ ሦስት መልሶች ያግኙ። ለማሳያ ያህል የጎታች ኃይል ጥምርታው 0.1120፣ 0.1060 እና 0.1045 ቢወጣ፣ ልዩነቶቹ 0.0060 እና 0.0015 ስለሆኑ ውድራቸው 4 ነው፤ ይህም ዘዴው ሁለተኛ ደረጃ ትክክለኛነት እንዳለው ያሳያል። ወደ ወሰን አልባ ጥራት የተዘረጋው ግምት ከመጨረሻው መልስ ላይ የ0.0015 ሲሶ በመቀነስ 0.1040 ይሆናል። ይኸው ፈተና ለሙቀት ፍሰቱ ለብቻው መደገም አለበት። የእርምጃው ርዝመትም በተናጠል ይፈተናል፤ እርምጃው ሲያጥር ግፊቱ መሸሽ ከጀመረ ወደ ደረጃ 5 ተመልሶ የጥንቃቄ አባዢውን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።